ዘበኛና ጠመንጃው፤ ከአንበሳሜ የሌሊት ጥበቃ እስከ አቶሚክ ኃይል ጣቢያ የጥበቃ ደንብ

በአንበሳሜም ሆነ በጎረቤቶቿ በወረታና በፎገራ ሜዳ የአቶሚክ ኃይል ጣቢያ የለም፤ በመላዋ ኢትዮጵያም እስካሁን አልተሠራም። እንግዲያውስ አንድ የደራ ልጅ ስለ አቶሚክ ጣቢያ ዘበኞች ደንብ ለመጻፍ ምን አነሣሣው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥታችን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አቶሚክን ለሰላም አገልግሎት ስለ ማዋል በሶቺ ከሩሲያ ጋር ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ለአቶሚክ ኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ የሚሆን የተግባር ዕቅድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ በኮሌጃችን ግቢ ስለ ሜጋዋቱ፣ ስለ ብድሩና ስለ መሐንዲሶቹ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ ስለሚቆመው ሰው ግን አንድም ቀን ሲነሣ አልሰማሁም። ይህች አጭር ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ናት።

ከአገሬ ልነሣ። የፎገራ ሜዳ ከጣና ምሥራቅ፣ ጉማራና ርብ የሚያጠጡት ለጥ ያለ ምድር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሩዝ የገባበት፣ ከዚያም አስቀድሞ በወተት ላሙ የታወቀ አገር ስለ ሆነ የሚጠበቅ ሀብት አያጣም። ቀን ቀን ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላሉ። የሌሊቱ ጥበቃ ግን የአዋቂዎች ነው፤ ከብት የሚነዳው ሌባ የሚመጣው በሌሊት ነውና። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይህን ሥራ በአብዛኛው ይሠራ የነበረው ነጭ ለባሽ የሚባለው ባላገር ነበር። ደመወዝ የለውም፤ የሚይዘው የራሱን ምንሽር ወይም ውጅግራ ነው፤ ሽፍታ ተነሣ ሲባል ከሹሙ ጋር ይወጣል። መንግሥት በራቀበት ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ከመካከሉ ጎበዝ አለቃ ይመርጣል። ዛሬ የቀበሌ ሚሊሺያ የሚባለው በብዙ ነገር የዚያው ወራሽ ነው።

በዚህ ልማድ ውስጥ የጥበቃ ሊቃውንት ዛሬ በቪየና የሚጽፉትን የሚመስል ነገር አለ ብል አንዳንድ መምህሮቼ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ይመልከቱት። ጠባቂው ብቻውን ሽፍታ ይመልሳል ብሎ የሚጠብቅ ማንም የለም። የርሱ ሥራ ቀድሞ ማየትና እሪ ማለት ነው። እሪታውን የሰማ ወንድ ሁሉ መድረስ አለበት፤ ሰምቶ ያልወጣ ሰው በማግሥቱ በዓይነ ቁራኛ ይታያል። ስለዚህ ጠባቂና ደራሽ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሀብቱ ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ አይበተንም፤ ካልተገኘም ካሣው በሁሉ ላይ ይወድቃል። የዚህ ሥርዓት መነሻ ሐሳብ ሌባ ያለ ውስጥ ዐዋቂ አይሰርቅም የሚል ነው። አውጫጭኝ በንጹሓን ላይ ያደረሰውን ግፍ አልክድም፤ ቅጣትን በጅምላ ማውረድ ከዛሬው ሕግ ጋር አይስማማም። ሐሳቡ ግን ከዚህ በታች እንደምናየው ስሕተት አልነበረም።

አሁን ወደ አቶሚክ ጣቢያው እንሂድ። በመጀመሪያ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጥበቃው መጠን የሚለካው በሚጠበቀው ነገር ነው። አደጋው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስርቆት ነው፤ ይኸውም ቦምብ ሊሠራበት የሚችል ማዕድን እንዳይወሰድ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ማዕድኑን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ሁለት ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ፕሉቶኒየም፣ ወይም አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ከፍ ተደርጎ የተጣራ ዩራኒየም 235 አንደኛ ደረጃ ነው፤ መጠኑ ሲያንስ ደረጃው ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ወደ ጣቢያ የሚገባው አዲስ ነዳጅ በአብዛኛው ከመቶ አምስት እጅ በታች የተጣራ ስለ ሆነ ከዚህ ሁሉ በዝቅተኛው ደረጃ ይቆጠራል። ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳለ ቦምብ አይሆንለትም።

ሁለተኛው አደጋ ማበላሸት ነው፤ ለኤሌክትሪክ ጣቢያ ዋናው ስጋት ይህ ነው። የተቃጠለው ነዳጅ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ስለማይቆም ያለ ማቋረጥ ውኃ ይፈልጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን በፉኩሺማ የደረሰው የተፈጥሮ ቁጣ እንጂ የሰው ክፋት አልነበረም፤ ሆኖም ኤሌክትሪኩና የመጠባበቂያ ሞተሮቹ ሲቋረጡ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዎች የሚያስቡት፣ ማዕበሉ ያደረገውን ክፉ ሰው ሆን ብሎ ቢያደርገውስ ብለው ነው። ከደራ ማዶ፣ ከዓባይ ወዲያ ባለው በጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የውኃ ኃይል ጣቢያ አለ። የውኃ ጣቢያን ማሽን ሰው ቢሰብረው መብራት ይጠፋል፤ ማሽኑ ሲጠገን ይመለሳል። የአቶሚኩ ጉዳት ግን ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ገበሬ ማሳ ይሄዳል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የዘበኛው ደንብም የጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? የጥበቃ ኃላፊነት የየመንግሥታቱ ነው፤ ማንም ከውጭ መጥቶ አይጠብቅላቸውም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት በ1957 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆናለች። ድርጅቱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአቶሚክ ማዕድንና ጣቢያ እንዴት እንደሚጠበቅ ምክር አወጣ፤ ምክሩ እየታደሰ መጥቶ አምስተኛው ማሻሻያ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ሕግ የሚሆነው በ1980 እ.ኤ.አ. ለፊርማ የቀረበው ስለ አቶሚክ ማዕድን ጥበቃ የተደረገው ውል ነው። ያም ቢሆን መጀመሪያ ላይ በይበልጥ የሚመለከተው ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ማዕድንን ነበር፤ በአገር ውስጥ ያሉትን ጣቢያዎች ጭምር እንዲጠብቅ የተሻሻለው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ማሻሻያው በሥራ ላይ የዋለው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደ ዘገየ ከዚህ ይታያል።

የምክሩን ሙሉ ይዘት እዚህ መዘርዘር አይቻልም፤ የሁሉም መሠረት የሆነው ሐሳብ ግን ለማንም የገባር ልጅ ይገባዋል። ጥበቃ ማለት ሦስት ነገር ነው፤ ማወቅ፣ ማዘግየትና መድረስ። ቤታችን የእሾህ አጥር አለው፤ አጥሩ ሌባን አያግደውም፣ ያዘገየዋል። ውሻው ያሳውቃል። ጎረቤት ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ከንቱ ናቸው።

ይህን በሒሳብ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ። የውጭውን አጥር ለመቁረጥ አንድ ደቂቃ፣ ሜዳውን ለመሻገር አንድ ደቂቃ፣ የውስጡን ግንብ ለማለፍ አራት ደቂቃ፣ የብረቱን በር ለመስበር ስድስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ድምሩ ዐሥራ ሁለት ነው። ታጣቂው ደራሽ ኃይል ደወል ከሰማ በኋላ ለመድረስ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈልጋል። ደወሉ ያለው በውጭው አጥር ላይ ከሆነ፣ ሌባው መቁረጥ እንደ ጀመረ ይሰማል፤ ደራሹም በሩ ከመሰበሩ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ደወሉ ያለው በብረቱ በር ላይ ብቻ ከሆነ ግን ስድስቱ ደቂቃ ማንም ሳያውቅ አልፏል፤ የቀረው ስድስት ነው፤ ደራሹ የሚደርሰው በሩ ከተሰበረ ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው። አጥሩ ያው ነው፤ ግንቡ ያው ነው፤ ጠመንጃውና ሰዉም ያው ነው። ውጤቱ ግን ተገለበጠ። ሳይታወቅ የፈረሰ ግንብ እንደሌለ ይቆጠራል የሚለው የባለሙያዎች አባባል ከዚህ የመጣ ነው። ጠመንጃ በማብዛት ብቻ ጥበቃ ይጠነክራል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ሒሳብ ደግመው ቢሠሩት መልካም ነው።

እንግዲህ ዘበኛውና ደራሹ በደንቡ ተለይተው የተቀመጡት ስለዚህ ነው። ዘበኛ የሚባለው በር የሚቆጣጠር፣ የሚዞር፣ እንግዳ የሚያጅብ፣ ደወል ሲጮህ ሄዶ የሚያጣራና የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስድ ነው። ደራሽ የሚባለው ደግሞ ከጣቢያው ውስጥም ሆነ ከውጭ ያለ፣ መሣሪያ የታጠቀና አጥቂን ለመመከት የሠለጠነ ኃይል ነው። ምክሩ ዘበኛ የግድ ይታጠቅ አይልም፤ ካልታጠቀ ግን ጉድለቱን የሚያካክስ ሌላ ነገር ይደረግ ይላል። አገሮች በዚህ ይለያያሉ። በብሪታንያ ጥበቃው ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአቶሚክ ጣቢያዎች ብቻ የተቋቋመ የፖሊስ ሠራዊት ሥራ ነው። በአሜሪካ ግን ኩባንያው ራሱ ታጣቂዎችን ይቀጥራል፤ ሕጉም በእያንዳንዱ ጣቢያ በማናቸውም ሰዓት ከዐሥር ያላነሱ ታጣቂ ደራሾች እንዲኖሩ ያዛል። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ችግር አለው። ፖሊስ ቢሆን ለመንግሥት ይከብዳል፤ ኩባንያ ቢሆን ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ሲል የሰውን ቁጥርና ሥልጠና እንዳይጎዳ ያሠጋል።

ዘወትር የሚዘነጋው ግን ከውስጥ የሚመጣው አደጋ ነው፤ አውጫጭኝን ያነሣሁት ለዚሁ ነው። ከሁሉ ይልቅ በሩን የሚያውቀው፣ የጥበቃ ተራው መቼ እንደሚለወጥ የሚያውቀው፣ ካሜራው የትኛውን ጥግ እንደማያይ የሚያውቀው ዘበኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ማዕድን ባለበት ክፍል ማንም ሰው ብቻውን እንዳይገባ፣ ሁለት ሰዎች እየተያዩ እንዲሠሩ ምክሩ ያዛል። ዙረቱም በሰዓት የተወሰነ እንዳይሆን፣ የሌባውን ግምት እንዲያፋልስ ይጠይቃል። በአገራችን የሌሊት ዘበኛ በየሰዓቱ ሽቦ እየመታ ያለሁ ይላል፤ ለባለቤቱ መንቃቱን ያስታውቃል፤ ለሌባውም የት እንዳለ ይነግርለታል።

ደንብ በወረቀት ላይ እያለ ሥራው እንዴት እንደሚበላሽ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች ያሳያሉ። ሁለቱም የሆኑት ሀብትና መሣሪያ በሞላባቸው ቦታዎች ነው።

በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ሌሊት በደቡብ አፍሪካ በፔሊንዳባ የአቶሚክ ማዕከል አራት ታጣቂዎች የኤሌክትሪክ አጥሩን አልፈው ገቡ፤ እስከ አደጋ መቆጣጠሪያ ክፍሉም ደርሰው በዚያ የነበረውን ሠራተኛ ደረቱን በጥይት አቆሰሉት። በግቢው ውስጥ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በሰላም ወጥተው ሄዱ። በዚያው ሌሊት ሌላ ቡድን በሌላ በኩል ሊገባ ሲሞክር ዘበኞች አይተው ተኩስ ተለዋወጡ፤ ያም ቡድን ሸሸ። እዚያ ቦታ ለቦምብ የሚሆን ከፍተኛ ዩራኒየም ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው ሐምሌ 28 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት ዋይ 12 በሚባለው ቦታ የሆነው ነው። እዚያ የአሜሪካ የቦምብ ዩራኒየም ይቀመጣል፤ ጥበቃው በዓለም ከሁሉ የጠነከረ ነው ይባል ነበር። የ82 ዓመት መነኩሲት እኅት ሜጋን ራይስ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በጉጠት አጥር በአጥር ላይ እየቆረጡ እስከ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ደረሱ፤ በግድግዳውም ላይ የሰላም መፈክር ጻፉበት። ደወሉ ጮኾ ነበር። ነገር ግን በአውሬና በነፋስ ምክንያት ዘወትር በከንቱ ስለሚጮኽ ዘበኞቹ ንቀውታል፤ ሊያሳይ ይችል የነበረው ካሜራም ተበላሽቶ ሳይጠገን ቆይቷል። በመጀመሪያ የደረሰው ጠባቂ ሦስቱን ሽማግሎች አይቶ እንደ ጠላት አልቆጠራቸውም፤ በዚህም ተወቅሷል።

ይህ ነገር ወደ ከባዱ ጥያቄ ያመጣናል። ያ ጠባቂ ቢተኩስ ኖሮ፣ መሣሪያ ያልያዙ አንዲት አረጋዊት መነኩሲትና ሁለት ሰዎች ይሞቱ ነበር። ባለመተኮሱ ትክክል ነበር? በኔ አስተያየት አዎን፤ ጥፋቱ የርሱ ሳይሆን ደወሉን እንዲናቅ ያደረገው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሦስቱ መነኩሲት ባይሆኑስ ኖሮ የሚለውን ክርክር ማጥፋት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ የሚለውን እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ሰው ራሱን፣ ሌላውን ሰው ወይም መብቱን ከሕገ ወጥ ጥቃት ቢከላከል አይቀጣም፤ ይኸውም ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የቀረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊያስቀረው ካልቻለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ ነው። ከልኩ ካለፈ አንቀጽ 79 ይመጣል፤ ቅጣቱ ይቀላል እንጂ በደሉ አይሰረዝም። በ1990 እ.ኤ.አ. በሐቫና የተቀበሉት የተባበሩት መንግሥታት መሠረታውያን መርሖች ደግሞ ሕግ አስከባሪ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚችለው የሰው ሕይወትን ለማዳን ፍጹም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ አስቀድሞም ማንነቱን እንዲገልጽና እንዲያስጠነቅቅ ያዛሉ። አያቴም ጠመንጃ ከመነሣቱ በፊት ማነህ፣ ቁም መባል እንዳለበት ያስተምረን ነበር፤ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጎረቤት ሊሆን ይችላልና።

ለአንድ በሬ ሲባል ሰው አይገደልም ማለት ቀላል ነው። ለአቶሚክ ጣቢያ ግን ምጥጥኑ ይቸግራል። ሰውየው የሚሰብረው በር የንብረት በር ነው፤ ከበሩ በስተኋላ ያለው ማቀዝቀዣ ግን የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ በበሩ ላይ መተኮስ ንብረትን መከላከል ነው ወይስ ሕይወትን? መልሱ ሰውየው በደረሰበት ቦታ የሚወሰን ይመስለኛል። በውጭው አጥር ላይ የተገኘ ሰው እረኛ፣ እንጨት ለቃሚ ወይም የጠፋበት መንገደኛ ሊሆን ይችላል። የውስጡን ግንብ በፈንጂ የሚያፈርስ ሰው ግን እረኛ አይደለም። ስለዚህ ጣቢያው በየክልሉ ተከፍሎ፣ በየክልሉ ዘበኛው ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል አስቀድሞ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ይህ ካልሆነ በሌሊት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ዳኞች በወራት የሚከራከሩበትን ነገር ለብቻው ወስን ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ውስጥ ላደገ ተማሪ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው በማን ትእዛዝና እስከ ምን ድረስ ይተኩሳል የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ጣቢያ እስኪሠራ እንጠብቅ የሚል ቢኖር፣ ጨረር አመንጪ ዕቃ በአገራችን ዛሬም እንዳለ ላስታውሰው። በቃሊቲ የቆላ ዝንብን ወንዶች በጨረር የሚያመክን ማዕከል ተቋቁሟል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የካንሰር ሕሙማን በኮባልት 60 መሣሪያ ሲታከሙ ኖረዋል። ለዚህም ሕግ ከወጣ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው የጨረር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ወጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ ቦምብ አይሆንም፤ ሆኖም ይገድላል። በመስከረም 1987 እ.ኤ.አ. በብራዚል በጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የሕክምና ቤት የሲሲየም 137 መሣሪያ ለብረቱ ብለው ወሰዱ፤ በዚያ ቀን በቦታው ጠባቂ አልነበረም። ዕቃው ተከፈተ፣ በውስጡ ያለው ዱቄትም በሌሊት ሰማያዊ ስለሚያበራ ለዘመድና ለጎረቤት ታደለ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተመረመረ። ይህን ሁሉ አንድ ባዶ እጁን የቆመ ዘበኛ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

በመጨረሻ ስለ እንቅልፍ። የአሜሪካው ደንብ የአቶሚክ ጣቢያ ጠባቂ በማናቸውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሰዓት በላይ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በሁለት ተራ መካከልም ቢያንስ ዐሥር ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ሆኖም በ2007 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬኒያ በፒች ቦተም ጣቢያ ታጣቂዎች በተረኛ ክፍላቸው ተኝተው በፊልም ተቀርጸው ተገኙ። ባለፈው የዕረፍት ወራት ወደ አንበሳሜ ስሄድ ወረታ ላይ አድሬ፣ ሌሊቱን በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት በር ላይ ከሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጋር ተጨዋውቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ በገዛ ማሳቸው ሲያርሙ ውለው፣ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ደግሞ ወደ ማሳቸው ይመለሳሉ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚነቁ አብረን ቆጠርን፤ ከመቶ በላይ ሆነ።